የማሾው አንድ በመቶ

ማሾን የሚያውቅ ሰው ድምፁንም ያውቀዋል። መብራት ባልገባበት አገር ወይም መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ከሰርግ ዳሱ ወይም ከለቅሶ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ «ሽሽሽ» እያለ የሚያመሽ መብራት ነው። ሆዱ ነጭ ጋዝ ይሞላል፤ አንድ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ይነፋዋል፤ ከዚያ ከመስተዋቱ ውስጥ የታሰረችው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ዓይን እስክታጥበረብር ነጭ ሆና ትበራለች። ኩራዝ ለለመደ ሰው ቀን የወጣ ያህል ነበር።

ከረጢቷ አዲስ ስትሆን ተራ ጨርቅ ትመስላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ሲነካት ግን ጨርቁ ተቃጥሎ ያልቅና የጨርቁን ቅርጽ የያዘ ነጭ አመድ ብቻ ይቀራል። ያንን አመድ መንካት ክልክል ነው። የእሳት እራት ከመታችው ይበሳል፤ ማሾውን የያዘው ሰው ከተደናቀፈ ይረግፋል፤ ያኔ ድግሱ ይጨልማል፣ ሰዉም ባለማሾው ላይ ይጮኻል።

እንግዲህ ጨርቁ ተቃጥሎ ካለቀ የሚያበራው ምኑ ነው? ከመቶው እጅ ዘጠና ዘጠኙ ቶሪየም የሚባል ብረት ዝገት ነው። የቀረችው አንዷ እጅ የሴሪየም ዝገት ናት። የሚገርመው ዘጠና ዘጠኙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማሾው ይሄን ያህል ብርሃን አይሰጥም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ድንኳኑን ያበራችው አንዷ በመቶ ነች።

ሴሪየም ዛሬ ዜናው «ሬር ኧርዝ» እያለ ከሚጠራቸው፣ በአማርኛ ብርቅዬ ማዕድናት ከምንላቸው 17 ብረቶች አንዱ ነው። አሜሪካና ቻይና ስለሚነታረኩባቸው ማዕድናት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ስልክ፣ ስለ ሚሳይልና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። የእነዚህ ማዕድናት ኢንዱስትሪ የተወለደው ግን ከማሾ ከረጢት ነው። እኛ አገር በየገጠሩ ሲነፋ የኖረው መብራት የዚህ ሁሉ ንትርክ ቅድመ አያት ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። «ብርቅዬ» መባሉ ታሪካዊ ስህተት ነው። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከእርሳስ ደግሞ በብዙ ይበልጣል። የጥንት ኬሚስቶች በውኃ የማይሟሟና እሳት የማያቀልጠውን ዱቄት ሁሉ «መሬት» ይሉት ነበር፤ እነዚህኞቹን ያገኟቸው ከአንድ ሁለት የስዊድን ድንጋይ ብቻ ስለነበረ «ብርቅ መሬት» አሏቸው። ስሙ ተጣበቀ፣ ቀረ። ችግሩ ማግኘቱ ላይ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜም አንዱን ከሌላው መለየቱ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ስዊድን ውስጥ ባስትኔስ ከሚባል የማዕድን ጉድጓድ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣ አንድ ያልተለመደ ከባድ ድንጋይ ነበር። የጉድጓዱ ባለቤቶች ልጅ የሆነው ቪልሄልም ሂሲንገር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ድንጋዩን በዘመኑ እጅግ ታዋቂ ለነበረው ኬሚስት ለካርል ሼለ ላከለት። ሼለ መርምሮ አዲስ ነገር የለውም አለ። ሂሲንገር ግን አልረሳውም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1803፣ የ24 ዓመት ወጣት ከነበረው ከየንስ ያኮብ ቤርዜሊዩስ ጋር ሆኖ ድንጋዩን እንደገና መረመረና አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ማርቲን ክላፕሮት የሚባል ኬሚስትም ለብቻው እዚያው ደርሶ ነበር፤ ማን ይቅደም በሚለው ተጨቃጭቀዋል። ስሙን ያወጡት ግን ስዊድናውያኑ ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሰማይ ላይ ከተገኘችው ከሴሬስ ወስደው ሴሪየም አሉት።

ያገኙት ግን አንድ ነገር አልነበረም። የቤርዜሊዩስ ረዳት የነበረው ካርል ሙሳንደር በ1839 ያንኑ «ሴሪየም» ደጋግሞ ሲያጥበው ውስጡ ሌላ ተደብቆ አገኘ፤ ላንታነም አለው፣ በግሪክኛ «ተደብቆ የኖረ» ለማለት። ትንሽ ቆይቶ ከላንታነሙ ውስጥ ሌላ ወጣ። ላንታነምን ስለሚመስለው «መንታ» ለማለት ዲዲሚየም ተባለ። ከአርባ ዓመት በላይ ዲዲሚየም እንደ አንድ ንጥረ ነገር በመጻሕፍት ሲጻፍ ኖረ።

እነዚህ ብረቶች ለምን እንዲህ ይመሳሰላሉ? የአንድ ንጥረ ነገር ጠባይ የሚወሰነው በአብዛኛው በአተሙ ዳር ላይ ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው። ከሌላ ነገር ጋር የሚጨባበጠው በእነሱ ነው። የብርቅዬ ማዕድናት ልዩነት ግን ያለው በውስጠኛው ክፍል ነው፤ ዳራቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሁሉም ሦስት ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፣ በአንድ አሲድ ይሟሟሉ፣ በአንድ ድንጋይ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አንድ ዓይነት ልብስ እንደለበሱ ወንድማማቾች ናቸው።

ከወንድማማቾቹ መካከል አንዱ ግን ይለያል። ሴሪየም ሦስት ብቻ ሳይሆን አራተኛም ኤሌክትሮን በቀላሉ ይሰጣል፤ ሁኔታው ሲለወጥ መልሶ ይቀበላል። ሲሰጥ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሲቀበል ኦክስጅን ይለቃል። ይቺን ጠባይ ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ ከሚነሳው ግማሹ ከእሷ የመጣ ነው። ብረቱ ራሱ ሲታይ አመድማ ነው፤ በቢላ ይቆረጣል፤ አየር ላይ ከተተወ ገጽታው ወዲያው ይጠቁርና መበላት ይጀምራል። ብናኙ ደግሞ 65 እና 80 ዲግሪ መካከል ሲደርስ በራሱ ይነዳል።

አሁን ወደ ቪየና። ካርል አውዌር በ1858 የተወለደ፣ አባቱ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥታዊ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበሩ ልጅ ነው። ሃይደልበርግ ሄዶ ከታዋቂው ሮበርት ቡንሰን ዘንድ ተማረ፤ ብርቅዬ ማዕድናትን የተዋወቀው እዚያ ነው። ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። ድንጋዩን በአሲድ ማሟሟት፣ ጨው ማድረግ፣ ጨው እስኪረጋ መጠበቅ፣ የረጋውን ካልረጋው መለየት፣ እንደገና ማሟሟት። አንዱ ወንድም ከሌላው በትንሹ ቀድሞ ይረጋል፤ ልዩነቱ ግን ከአንድ ጊዜ በኋላ አይታይም። አውዌር ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ ደጋገመው። በ1885 ዲዲሚየም ሁለት ሆኖ ተለየ፦ አረንጓዴ ጨው ያለው ፕራሲዮዲሚየምና ሐምራዊ ጨው ያለው ኒዮዲሚየም። ኒዮዲሚየም ዛሬ በኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ኃይለኛ ማግኔት የሚሠራበት ብረት ነው። ያኔ ግን ለምንም አይጠቅምም ነበር።

አውዌር የሚፈልገው ሌላ ነበር። በምርመራው ወቅት እነዚህ ዱቄቶች ነበልባል ውስጥ ሲገቡ ሳይቀልጡ እንደሚያበሩ አይቷል። ችግሩ ዱቄትን ነበልባል ውስጥ ማቆም አለመቻሉ ነው። መላው ቀላል ነበር፤ ጥጥ ጨርቅን በጨዉ ውኃ ነክሮ ማቃጠል። ጨርቁ ይሄዳል፣ ዝገቱ የጨርቁን ቅርጽ ይዞ ይቆማል። በ1885 የባለቤትነት መብት አወጣበት፣ ፋብሪካም ተቋቋመ። ግን የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች ብርሃናቸው አረንጓዴ የሚል፣ ፊትን የሬሳ ፊት የሚያስመስል ነበር፤ ደግሞም በቶሎ ይፈርሳሉ። ገዢ ጠፋ፣ በ1889 ፋብሪካው ተዘጋ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። አውዌር ግን ፋብሪካውን ቤተ ሙከራ አደረገውና ቶሪየምን ይመረምር ጀመር። ቶሪየም በጥሩ ሁኔታ አበራ። ከዚያ የበለጠ እንዲያበራ ብለው ይበልጥ አጠሩት። ብርሃኑ ቀነሰ። አሁንም አጠሩት። ብርሃኑ ጭራሽ ደከመ። ኬሚስት ሁሉ የሚማረው «ንጹሕ ይሻላል» የሚለውን ነው፤ እዚህ ግን በንጽሕናው የተነሳ እየጨለመ ሄደ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት እያጠቡ የጣሉት ቆሻሻ ሴሪየም መሆኑን ነው። ጥቂት ሲመልሱበት በራ፤ ብዙ ሲጨምሩበት ደግሞ ደበዘዘ። ልኩ አንድ በመቶ ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነበልባል ውስጥ የገባ ነገር ሙቀቱን ዓይን በማያየው ጨረር ያባክነዋል፤ ቶሪየም ግን ይህን ብዙም አያደርግም፣ ስለዚህ እጅግ ግሎ ይቆያል። ግን ራሱ ዓይን የሚያየውን ብርሃንም አይሰጥም። ሴሪየም ይሰጣል። ብዙ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ያወጣና ከረጢቱን ያበርዳል። ቶሪየሙ ምድጃ ነው፣ ሴሪየሙ ብርሃን።

አዲሱ ከረጢት በኖቬምበር 1891 ቪየና ውስጥ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ በራ። ጊዜው ኤዲሰን አምፖሉን ካወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው፤ የጋዝ መብራት አብቅቶለታል ይባል ነበር። የአውዌር ከረጢት ለጋዝ ሌላ ትውልድ ያህል ዕድሜ ሰጠው። ከየከተማው መንገድ አልፎ፣ ነጭ ጋዝ እየተነፋ ወደሚነድ ተንጠልጣይ መብራት ገባና ኤሌክትሪክ ወዳልደረሰበት የዓለም ጥግ ሁሉ ሄደ። እኛ ዘንድ ማሾ የተባለው ይህ ነው። አውዌር ባለጸጋ ሆነ፣ በ1901 ደግሞ የባሮን ማዕረግ አገኘ፤ ለጋሻው የመረጠው የላቲን ቃል «ተጨማሪ ብርሃን» የሚል ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሊቅ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የአሸዋ ታሪክ ነው፤ ቁም ነገሩም እዚህ ይበዛል።

በሚሊዮን የሚቆጠር ከረጢት ለመሥራት ቶሪየም በብዛት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከኖርዌይ ድንጋይ ይወጣ ነበር፤ ዋጋው አይቀመስም። ከዚያ ሞናዛይት የሚባል ቢጫ ቡናማ ከባድ አሸዋ ተገኘ። ብራዚል ውስጥ በባሂያ የባሕር ዳርቻ ማዕበል እያበጠረ ያከማቸው ሞናዛይት ነበር፤ ቆፋሪ አያስፈልገውም፣ በአካፋ ይታፈሳል። መጀመሪያ ላይ ባዶ መርከብ እንዳይንሳፈፍ ለክብደት ብቻ ይጫን ነበር እየተባለ ይነገራል። ሐምቡርግ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነበር።

በ1909 አንድ ጀርመናዊ ኬሚስት ከደቡብ ሕንድ ከትራቫንኮር ግዛት በመጣ የኮኮነት ቃጫ ገመድ ላይ የተጣበቀ አሸዋ አየ። ሞናዛይት ነበር፤ በቶሪየም ከብራዚሉ የበለጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትራቫንኮር ዳርቻ ላይ አሸዋ ማበጠር ተጀመረ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዞች ጀርመኖቹን አስወጥተው አሸዋውን ያዙ። ትራቫንኮር በሁለቱም ጊዜ የሚደርሰው የአሸዋ ዋጋ ነበር። የብራዚልም እንዲሁ። በአንድ ኪሎ አሸዋና በአንድ የመብራት ከረጢት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በሙሉ የሚቀረው አሸዋው ውስጥ ያሉትን መለየት በሚያውቁት ጥቂት የአውሮፓ ፋብሪካዎች እጅ ነበር።

ይህን ሲያነቡ ከንቲቻን ማስታወስ ግድ ይላል። የጉጂው ከንቲቻ ታንታለም ብርቅዬ ማዕድን ከሚባሉት ወገን አይደለም፤ መንገዱ ግን ተመሳሳይ ነው። ለዓመታት ከመሬት ወጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተበጥሮ፣ ገና ከዓለቱ ጋር እንደተቀላቀለ ይላክ ነበር። «ከመሬታችን ስር ይህን ያህል ሀብት አለን» እያሉ ቁጥር የሚደረድሩ ጽሑፎች በዝተዋል። ባሂያም ትራቫንኮርም ነበራቸው።

ወደ አሸዋው እንመለስ። ሞናዛይት ውስጥ ቶሪየሙ ጥቂት ነው፤ ከሌላው ብዙው ብርቅዬ ማዕድን ነው፣ ከዚያም ግማሽ ገደማው ሴሪየም። ለከረጢቱ የሚያስፈልገው ሴሪየም አንድ በመቶ ብቻ ስለነበረ የቀረው በፋብሪካዎቹ ጓሮ ይከመር ጀመር። አውዌር ይህ ክምር ዕረፍት ነሳው። ሴሪየሙን ከነወንድሞቹ ወደ ብረትነት ለወጠው፤ ለስላሳ ስለሆነ ተራ ብረት ቀላቀለበት። ሰባ እጅ ሴሪየምና ወንድሞቹ፣ ሠላሳ እጅ ብረት። ውጤቱ ጠጣርና ተሰባሪ ሆነ። በሞረድ ሲቧጨር ብናኙ ተፈናጥሮ፣ በመቧጨሩ ሙቀት ብቻ አየር ላይ ይነድዳል። ይህ በ1903 ነው። ላይተር ውስጥ ያለችው፣ ስታልቅ «ድንጋይዋ አለቀች» የሚባልላት ነገር ድንጋይ አይደለችም፤ የአውዌር ብረት ናት። የሰው ልጅ ለብዙ ሺሕ ዓመት ሲመታው ከኖረው ከባልጩት ወዲህ እሳት በጣት እንዲወለድ ያደረገች፣ ከመብራት ትርፍራፊ የተሠራች ብረት። አውዌር ለዚህ ሥራ ካሪንቲያ ውስጥ ትራይባክ በሚባል ቦታ ያቆመው ፋብሪካ ዛሬም አለ።

የዚች ብናኝ ብረት ዋጋ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ከሁሉ በላይ የነገረን ኬሚስትና ደራሲ የነበረው የቱሪኑ ፕሪሞ ሌቪ ነው። ሌቪ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደ። በዓመቱ መጨረሻ ገደማ በካምፑ አጠገብ በነበረው የሰው ሠራሽ ጎማ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲሠራ ተመደበ። ረሃቡ ሌላ ነገር አያሳስብም፤ የሚሰረቅ ነገር ይፈልጋል። መደርደሪያ ላይ ምልክት ያልተጻፈበት ብልቃጥ አገኘ፤ ውስጡ ትንንሽ ግራጫ ዘንጎች። ሲቧጭራቸው ፈነጠቁ። የላይተር ብረት ነበሩ።

ካምፑ ውስጥ በድብቅ ላይተር የሚሠሩ ነበሩ፤ አንዲት የላይተር ድንጋይ በአንድ ቀን የዳቦ ራሽን ትሸጣለች። አንዲት ድንጋይ ማለት አንድ የሕይወት ቀን ማለት ነው። ዘንጎቹ ግን ለላይተር ወፍራም ነበሩ። ሌቪና ጓደኛው ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ እስረኛው ሁሉ በተኛበት፣ በእንጨት አልጋና በገለባ ፍራሽ መሃል በቢላ እየፋቁ ያቀጥኗቸው ጀመር። እየፋቁት ያሉት ሲፋቅ እሳት የሚተፋ ነገር ነው። ከአርባ ዘንግ አንድ መቶ ሃያ ድንጋይ ወጣ። ለእያንዳንዳቸው የሁለት ወር ሕይወት። ሁለት ወር ሲሞላ የሩሲያ ጦር ይደርሳል ብለው አሰቡ፤ ደረሰም። ሌቪ ታሞ በሕክምና ክፍሉ በመቅረቱ ተረፈ። ጓደኛው ጀርመኖች እስረኞቹን በበረዶ ውስጥ እየነዱ ሲያሸሹ ከሄዱት ጋር ሄደ፣ አልተመለሰም። ሌቪ በ1975 በንጥረ ነገሮች ስም ምዕራፍ በምዕራፍ ባዘጋጀው መጽሐፉ ውስጥ ለሴሪየም አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል።

ከጦርነቱ በኋላ አሸዋው ሌላ ስም አገኘ። ቶሪየም ከአቶሚክ ኃይል ጋር ስለሚያያዝ ሕንድ በነጻነቷ ዋዜማና ማግስት ጥሬ ሞናዛይት እንዳይወጣ አገደች። በ1950 የመንግሥት ኩባንያ አቋቋመች፤ በ1952 መጨረሻ ኔህሩ በኬራላ የአልዋዬን ፋብሪካ መረቁ። የትራቫንኮር አሸዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አገር ተለየ። ጥሩ ጅማሬ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው በአቶሚክ ኃይል ምስጢር ስር ስለወደቀ እንደ ኢንዱስትሪ አልሰፋም። ዛሬም ሕንድ ካላት ክምችት አንጻር ከዓለም ምርት የምታገኘው ድርሻ ትንሽ ነው። መከልከል አንድ ነገር ነው፣ መለየትን መልመድ ሌላ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1949 ካሊፎርኒያ በረሃ ዩራኒየም ፍለጋ የወጡ ሰዎች የጨረር መለኪያቸው ጮኸ። ዩራኒየም አልነበረም፤ የጮኸው ከብርቅዬ ማዕድናት ጋር ባለው ቶሪየም ነው። ማውንቴን ፓስ ይባላል። የማዕድኑ ስም ባስትናሳይት ነው፣ በሂሲንገር ቤተሰብ ጉድጓድ በባስትኔስ ስም። በ1960ዎቹ ባለቀለም ቴሌቪዥን ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ዩሮፒየም ሲፈለግ ማውንቴን ፓስ ሀብታም ሆነ። ግን አንድ ኪሎ ዩሮፒየም ለማውጣት በመቶዎች ኪሎ ሴሪየም አብሮ ይወጣል። ክምሩ ተመለሰ።

ክምሩን ለማቅለል የተገኙት ጥቅሞች የሴሪየም ሁለተኛ ዕድሜ ናቸው። ዱቄቱ መስተዋት ይወለውላል፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ፍቆ ብቻ አይደለም፣ ከመስተዋቱ ገጽ ጋር በኬሚካል እየተያያዘ ነው የሚያለሰልሰው። የመነጽርና የካሜራ መስተዋት፣ የስልክ ገጽ በሱ ተወልውሎ ያልፋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ የመኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ ገባ። እዚያ የሚሠራው በዚያችው በአራተኛዋ ኤሌክትሮን ነው፦ ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲበዛ ይይዛል፣ ሲያንስ ይለቃል፤ በዚህም መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዲቃጠል ይረዳል። እስትንፋስ እንደሚይዝና እንደሚለቅ ሳንባ ነው።

ቻይና ውስጥ የሆነው ግን ጨዋታውን ለወጠ። በውስጥ ሞንጎሊያ ባያን ኦቦ በ1927 ብረት ተብሎ የተገኘ ተራራ ነበር፤ ብርቅዬ ማዕድናቱ በኋላ ነው የታወቁት። ለብዙ ዓመት ቻይናም እንደ ባሂያ ጥሬውን ትልክ፣ የተለየውን በውድ ትገዛ ነበር። በ1972 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሹ ጓንግሺያን ፕራሲዮዲሚየምን ከኒዮዲሚየም እንዲለይ ተሰጠው፤ አውዌር በ1885 የለያቸውን እነዚያኑ መንታዎች። ሹ አሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ በ1951 አገሩ የተመለሰ ሰው ነው፤ በባህል አብዮት ዘመን ሰላይ ተብሎ ከሚስቱ ጋር ታስሯል። የሠራው አዲስ ማዕድን መፈለግ አይደለም። ፈሳሹ በተከታታይ ገንዳዎች ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተላለፈ ወንድማማቾቹ ደረጃ በደረጃ እንዲለያዩ የሚያደርገውን ዘዴ በሒሳብ አሰናዳው። ስንት ገንዳ፣ ምን ያህል ፈሳሽ የሚለውን ቀድሞ ማስላት ተቻለ። ከዚያ ዘዴውን ለየፋብሪካው መሐንዲሶች አስተማረ።

ዕውቀቱ ሲበተን ፋብሪካው እንደ እንጉዳይ ፈላ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ማውንቴን ፓስ በ2002 ሥራ አቆመ። ሌላም ዕዳ መጣ፤ ባኦቱ ከተማ አጠገብ የዝቃጭ ሐይቅ ተፈጠረ፣ ቶሪየሙም እዚያው ይጣል ነበር። በ2005 ይህ ብክነትና ብክለት እንዲቆም ለመንግሥት ከጻፉት ሳይንቲስቶች አንዱ ራሱ ሹ ነበር።

በኤፕሪል 2025 ቻይና ሰባት ብርቅዬ ማዕድናትን ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ስትከለክል በዓለም ዙሪያ የመኪና ፋብሪካዎች ተሸበሩ። ሴሪየም ከሰባቱ ውስጥ የለም። እሱን ማንም አያስፈራራበትም፤ አሁንም ከሌሎቹ ጋር ሳይፈለግ የሚወጣ፣ የሚከመር ርካሽ ነው።

ማሾ ዛሬ ከብዙ ቤት ወጥቷል። የከረጢቱ ቶሪየም ጥቂት ጨረር ስላለው ብዙ አምራቾች በሌላ ብርቅዬ ማዕድን በኢትሪየም ተክተውታል። በማሾ ሥር ያደገ ሰው አይደንግጥ፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ዋናው ጥንቃቄ የፈረሰውን አመድ ብናኝ አለመሳብ ነው። የማሾን ቦታ የያዘው በፀሐይ የሚሞላው የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ነጭ ጋዝ አይጠይቅም፣ አይነፋም፣ የእሳት እራትም አይፈራም። መሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቅንጣት ነው፤ ፈልሳፊዎቹ ሦስት ጃፓን ተወላጆች በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሰማያዊ ብርሃን ብቻውን ግን ለቤት አይሆንም። በቅንጣቱ ላይ ቢጫ ዱቄት ይቀባል፤ ሰማያዊው ዱቄቱን ሲመታው ዱቄቱ ቢጫ ያበራል፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ለዓይን ነጭ ይሆናሉ። ዱቄቱ የኢትሪየምና የአሉሚኒየም ዝገት ነው፤ ያ ብቻውን ደግሞ አያበራም። ቢጫውን ብርሃን የሚሰጠው ውስጡ የተጨመረው ሴሪየም ነው፣ በመቶ አንድ ገደማ።